የሙያው በር ቁልፍ በማን እጅ ነው? የሠልጣኝ ሶሊሲተሮች ማመልከቻና የእኛ ልጆች

በእንግሊዝና በዌልስ ሶሊሲተር ለመሆን የሚሻ ወጣት የሚያንኳኳው በር የፍርድ ቤት አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲም አይደለም። የሚያንኳኳው የግል የጥብቅና ድርጅቶችን የቅጥር ክፍል በር ነው። ፍትሕን ያስከብራል በሚባለው ሙያ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን በብዛት የሚወስኑት የኩባንያዎችን ውህደትና የባንኮችን ብድር ውል በማርቀቅ የሚተዳደሩ ድርጅቶች ናቸው። እነርሱ ይህን «የችሎታ ውድድር» ይሉታል። እኔ ግን በችሎታ ስም የተሸፈነ የውርስ ሥርዓት ነው እላለሁ፤ ምክንያቶቼንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ማመልከቻው ምን ይመስላል?

«የሥልጠና ውል» የሚባለው ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ በየስድስት ወሩ ክፍል እየቀየረ በአራት የሥራ ዘርፎች ያልፋል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ሠልጣኞቻቸውን የሚመርጡት ሥልጠናው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ገደማ አስቀድመው ነው። በመሆኑም የሕግ ተማሪው ገና የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ፣ በአሥራ ዘጠኝና በሃያ ዓመቱ፣ ማመልከቻውን መሙላት ይጠበቅበታል። ቅጹ «ለምን ሕግን መረጥህ? ለምን የእኛን ድርጅት? በቅርቡ የሠራነው የትኛው ስምምነት ትኩረትህን ሳበው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቀጥሎ የአመክንዮ ፈተና በኮምፒውተር ይመጣል። ከዚያም ጠያቂ በሌለበት፣ ለካሜራ ብቻ የሚመለስ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አለ። ይህን ያለፈ ለሙሉ ቀን ምዘና ይጠራል። ብዙዎቹ ድርጅቶች ደግሞ በእረፍት ወራት ለጥቂት ሳምንታት አብረዋቸው ከሠሩት ልጆች መካከል መምረጥን ስለሚያዘወትሩ፣ ያን ዕድል ለማግኘትም ራሱን የቻለ ሌላ ማመልከቻና ሌላ የጊዜ ገደብ አለ።

እስቲ አስቡት! ይህን የቀን መቁጠሪያ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሚያውቀው ማን ነው? አባቱ ወይም አጎቱ በአንዱ ድርጅት ሸሪክ የሆነ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቀድሞ ተማሪዎቹ መካከል ጠበቆችን እየጋበዘ ያስተዋወቀው ልጅ ነው። አባቷ በለንደን ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ የሚነዳ፣ እናቷ አረጋውያንን በመንከባከብ የምትሠራ የእኛ ልጅ ግን ማመልከቻ የሚባለውን ነገር የምትሰማው በሦስተኛው ዓመት፣ ጓደኞቿ የመጀመሪያውን ዙር ከጨረሱ በኋላ ነው። «የንግድ ዓለም ግንዛቤ» የሚሏት መመዘኛም አለች። ከእራት ገበታ ወሬ ያገኘው ልጅ ግንዛቤው «ተፈጥሯዊ» ይባልለታል፤ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ ያጠናችው ልጅ ደግሞ «የተሸመደደ ይመስላል» ትባላለች። ይህ ችሎታን መለካት ነው ወይስ አስተዳደግን?

አዲስ ነገር አይደለም

የታሪክ መዝገብ እንደሚያሳየው የዚህ ሙያ በር ሁልጊዜም ዋጋ ነበረው። በ1729 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ወደ ሙያው የሚገባ ሰው ለአምስት ዓመት በውል ታስሮ በአንድ ባለሙያ ሥር እንዲለማመድ ደነገገ። ወላጅ ለአሠልጣኙ ጌታ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ መንግሥትም ከውሉ ላይ የቴምብር ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። ገንዘብ የሌለው ልጅ በሩን ከውጭ እያየ ያልፋል።

ሴቶችም እንዲሁ። ግዊኔት ቤብ በኦክስፎርድ የሕግ ፈተና አንደኛ ማዕረግ ብታገኝም፣ ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዘመን ለሴት ዲግሪ አይሰጥም ነበር። የሶሊሲተርነት ፈተና እንድትቀመጥ ስትጠይቅም ማኅበሩ ከለከላት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1913 ሴት በሕጉ አነጋገር «ሰው» አይደለችም ብሎ ፈረደ። ክልከላውን ያነሳው የ1919ኙ ሕግ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች የተመዘገቡትም በ1922 ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። በር የሚዘጉ ሰዎች ራሳቸውን አድሏዊ ብለው ጠርተው አያውቁም፤ በየዘመናቸው የሙያውን ክብርና ደረጃ እየጠበቁ እንደሆነ ያምኑ ነበር።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም

በሁለት ሺህዎቹ የነበረው እንቅፋት የአንድ ዓመቱ የሙያ ኮርስ ነበር። ወጣቱ ሠልጣኝ አድርጎ የሚቀበለው ድርጅት መኖሩን ሳያረጋግጥ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ተበድሮ ይማራል፤ ውል ካላገኘ ዕዳውን ይዞ ይቀራል። በዚያው ላይ ተቆጣጣሪው አካል ለሠልጣኞች ያስቀመጠውን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በ2014 አነሳው። ወለሉ እስከዚያ ድረስ ለለንደን 18,590፣ ከለንደን ውጭ ደግሞ 16,650 ፓውንድ ነበር። የሶሊሲተሮች ማኅበር በምትኩ የሚመከር ደመወዝ ያወጣል፤ ምክር ግን ሕግ አይደለም፤ የማይከተለው አይቀጣም።

በመስከረም 2021 አዲሱ የሶሊሲተሮች ብቃት ፈተና ሲጀመር ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ እስከ አራት በሚደርሱ የተለያዩ ቦታዎች ተከፋፍሎ ሊጠናቀቅ ይችላል ተባለ፤ በሕግ ክሊኒክ የተሠራ ሥራም ይቆጠራል ተባለ። መልካም ነው። ነገር ግን የፈተናው ክፍያ ብቻ ሲጀመር 3,980 ፓውንድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በተደጋጋሚ ጨምሯል። ለመጀመሪያው ክፍል 360 የምርጫ ጥያቄዎች የሚያስፈልገው የዝግጅት ኮርስም ዋጋ እዚህ ውስጥ የለም። በመጀመሪያው ዙር ያለፈው ከተፈታኙ 53 በመቶው ብቻ ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች የሥልጠና ውላቸውን እንደያዙ ቀጠሉ፤ ለመረጡትም ልጅ ኮርሱንና ፈተናውን ይከፍሉለታል። ያልተመረጠው ከኪሱ ይከፍላል። አስቀድሞ በሩን ያለፈው ነጻ፣ በር ላይ የቀረው በዕዳ!

የፈተናው አስተዳደርስ? በሚያዝያ 2024 በውጤት አሰላል ስሕተት 175 ተፈታኞች አልፈው ሳለ «ወድቃችኋል» ተብለው እንደነበር ፈታኙ ኩባንያ ራሱ አመነ። የቀረበላቸው ካሣ 250 ፓውንድ ነበር። በርካታ ድርጅቶች ቅጥሩን የሚያጸኑት ፈተናው በመጀመሪያ ሙከራ ከታለፈ ብቻ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ የዚህን ስሕተት ክብደት ማብራራት አያስፈልገውም።

«ገንዘቡን የሚያወጣው ድርጅቱ ነው፤ ቢመርጥ ምን ያስገርማል?»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በቀላሉ አላልፈውም። እውነት ነው፣ ድርጅት ለሚያሠለጥነው ሰው ወጪ ያወጣል፤ ማንን እንደሚቀጥርም መምረጥ መብቱ ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሙያው መግቢያ ከቅጥሩ ጋር ስለተጣበቀ፣ የቅጥር ክፍሉ ምርጫ የአንድ ድርጅት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የፍትሕ ሥርዓቱ ጉዳይ ሆኗል። አሠልጣኙ ገንዘብ ያለበት ቦታ ይበዛል፤ ገንዘቡም ያለው ከኮርፖሬት ሥራ ላይ ነው። በ2024 ታላላቆቹ የለንደን ድርጅቶች ሥልጠናውን ለጨረሰ አዲስ ሶሊሲተር የሚከፍሉትን የመነሻ ደመወዝ በዓመት ወደ 150,000 ፓውንድ አደረሱት።

ከዚህ በተቃራኒ ያለውን እንመልከት። መንግሥት ለድሆች የሕግ ድጋፍ የሚከፍለው የፍትሐ ብሔር ክፍያ ከ1996 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ሳይጨምር ቆይቶ በ2011 በ10 በመቶ ተቀነሰ። በ2012 የወጣው ሕግ ደግሞ በሚያዝያ 2013 በሥራ ላይ ሲውል አብዛኛውን ከጥገኝነት ውጭ ያለ የኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ የማኅበራዊ ድጎማ ክርክርና በርካታ የቤተሰብ ጉዳዮችን ከድጋፉ አስወጣ። የዚህን ትርጉም የእኛ ማኅበረሰብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ልጃችን በሕይወቷ ያየችው ብቸኛ ሶሊሲተር የወላጆቿን የጥገኝነት ፋይል የያዘው፣ ከሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ የሚሠራው ሰው ነው። ሕግን እንድትወድ ያደረጋት እርሱ ነው። ይሁን እንጂ እርሷን ተቀብሎ ሁለት ዓመት እየከፈለ የሚያሠለጥንበት አቅም የለውም። አቅሙ ያለው ድርጅት ደግሞ ስለ እርሷ ዓለም የሚጠይቀው አንዳች ጥያቄ በቅጹ ላይ የለም።

«አሁን እኮ የአመልካቹን አስተዳደግ ከግምት የሚያስገባ፣ የትምህርት ቤቱንም ስም የሚሸፍን አሠራር ጀምረናል» ይላሉ። ይበል የሚያሰኝ ነው። ሆኖም በተቆጣጣሪው አካል የ2021 መረጃ መሠረት በድርጅቶቹ ከሚሠሩት የሕግ ባለሙያዎች 22 በመቶው የተማሩት በክፍያ የግል ትምህርት ቤቶች ነው፤ በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ይህ ድርሻ 7 በመቶ አካባቢ ነው። ማመልከቻው ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ቢሸፈን፣ ትምህርት ቤቱ ያስተማረው አነጋገርና በራስ መተማመን በቪዲዮው ላይ መታየቱ አይቀርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የደመወዝ ወለሉ አስገዳጅ ሆኖ ይመለስ፤ በሥራ ልምድ ስም ወጣቱን በነጻ ማሠራትም ይከልከል። ሁለተኛ፣ ከታላላቆቹ ድርጅቶች በመዋጮ የሚሰበሰብ የሥልጠና ቋት ይቋቋምና በሕግ ድጋፍ ለሚሠሩ ትንንሽ ቢሮዎች የሠልጣኝ ደመወዝ ይክፈል። ከ2014 ጀምሮ አንድ የበጎ አድራጎት ተቋም በማኅበራዊ ፍትሕ ዘርፍ ሠልጣኞችን እየደገፈ ይህ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል፤ የቀረው ልግስናን ወደ ግዴታ መለወጥ ነው።

ሦስተኛው ለእኛው ነው። በደንቡ መሠረት የሥራ ልምድን የሚያረጋግጠው ሶሊሲተር እዚያው መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሥራውን ከገመገመና ከተቆጣጣሪዎቹ አስተያየት ከተቀበለ ይበቃል። ታዲያ የማኅበረሰብ ማዕከሎቻችን ለበዓል አዳራሽ ከመከራየት አልፈው፣ ሶሊሲተሮቻችንን አስተባብረው የሕግ ምክር አገልግሎት ቢከፍቱና ልጆቻችን እዚያ እየሠሩ ልምዳቸው ቢመዘገብላቸው ምን ይከለክላቸዋል? ወላጆችም «ልጄ ሎየር ልትሆን ነው» ብሎ ከመኩራት ጎን ለጎን፣ በፓራሌጋልነት የምትሠራን ልጅ «ገና አልገባሽም?» እያሉ ማሸማቀቅን ቢተዉ መልካም ነው።

ነገሩ አገር ቤትንም ይመለከታል። የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 (በእኛ አቆጣጠር) ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ መንገድ ከፍቷል። ለዘመናት በግል ሲሠራ ለኖረው ሙያ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ድርጅቶቹ ሲያድጉ ጀማሪ ጠበቃን በምን መመዘኛ ይቀበላሉ? በእንግሊዝኛው ቅልጥፍና? በአባቱ ስም? ይህ ከአሁኑ ካልተጠየቀ፣ ሌላው አገር ሦስት መቶ ዓመት ሊያፈርሰው ያቃተውን አጥር እኛ በገዛ እጃችን እንተክለዋለን።

አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ የሰውየው ብልሃት የሚታየው በአደባባይ፣ ሁሉም እየሰማ ነበር። ዛሬ የነገው ጠበቃ የሚመረጠው በዝግ በር፣ ምክንያቱ በማይነገርበት የሁለት መስመር ኢሜይል ነው። ፍትሕን እናስከብራለን የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን በር በፍትሕ ይክፈቱ፤ በሕግ አምላክ!

ቸር እንሰንብት።