ዕቃ ቤቱ የአጥቢያው መዝገብ ነው



ንግሥት እሌኒ የጌታችንን መስቀል ያገኘችው ተራራ ካከለ የጥራጊ ክምር ሥር አስቆፍራ መሆኑን አበው በየዓመቱ በደመራው ዙሪያ ይተርኩልናል። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ያ ክምር በአንድ ቀን አልተቆለለም፤ ጥራጊው ዕለት ዕለት ሲጣል ኖሮ ነው ተራራ ያከለው። በየአጥቢያችን ዕቃ ቤት ያለው ቅርስም የሚጠፋው ሌባ ሲሰርቀው ብቻ አይደለም። አቧራ ሲለብስ፣ ጣሪያ ሲያፈስበት፣ አይጥ ሲበላው፣ ምንነቱን የሚያውቁት አረጋውያን አንድ በአንድ ሲያልፉም ይጠፋል።

ዕቃ ቤት የንዋያተ ቅድሳት ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፤ የአጥቢያው ቤተ መዛግብትም ነው። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን፣ የነገሥታትን ትእዛዝ፣ የመጻሕፍትንና የንዋያትን ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጽፉ ነበር። በወንጌል ላይ የተጻፈውን ለመፋቅ የሚደፍር እጅ አይገኝምና። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ግድም ያጻፉት ወንጌል ለዚህ አብነት ይሆነናል፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር በውስጡ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለሆነም ቅርስን ቆጥሮ መመዝገብ ከባዕድ የተዋስነው ጥበብ ሳይሆን ከአበው የወረስነው ሥርዓት ነው።

የመዝገብን ክብር ነገሥታቱም ያውቁ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ከ300 የሚበልጡት ለንደን ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ ከእነዚህ አንዱን፣ ክብረ ነገሥትን፣ እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። ምክንያታቸውም የአገሩ ሕግ፣ የሹማምንቱና የአድባራቱ ስም በዚያ መጽሐፍ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ያለ እርሱ ሕዝቡ አይታዘዘኝም የሚል ነበር። መጽሐፉም ተመለሰ።

በዘመናችንም ያየነው አለ። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ቤልጅግ ድረስ ተሻግሮ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ወደ ደብሩ ሲመለስ የሕዝቡ ደስታ ወሰን አልነበረውም። ይህ መስቀል በዓለም የታወቀ፣ ምስሉም በመጻሕፍት የታተመ ነበር። ፎቶግራፍ ያልተነሣ፣ በማንም መዝገብ ያልሰፈረ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን መስቀል ቢሰረቅስ በምን ማስረጃ የእኛ ነው ልንል ነው? በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በተቀሰቀሰው ጦርነት ቅርሳቸው የተዘረፈባቸው ገዳማትና አድባራት ሐዘን ይህን ጥያቄ አክብዶታል።

አንዳንድ አባቶች «መዝግቡ፣ አሳዩ ማለት ሌባን መጥራት ነው» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ እንግዳ ተብሎ ገብቶ ቅርስ ይዞ የወጣ ብዙ ነውና። ነገር ግን መመዝገብና ማሳየት የተለያዩ ናቸው። መዝገቡ ምስጢሩ ተጠብቆ ሊያዝ ይችላል። ታቦቱም ከመንበሩ አይወጣም፤ ለዐይን የሚፈቀደው ዘውዱ፣ ካባው፣ ብራናውና የመጾር መስቀሉ ነው። የእንጦጦ ማርያም ሙዚየም የዐፄ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳት ለትውልድ ሲያሳይ የደብሩ ክብር ከፍ አለ እንጂ አልተቀነሰም። በአድዋ አቅራቢያ የሚገኘው የአባ ገሪማ ገዳምም ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን እንደተዘጋጁ በምርመራ የተገመቱትን ወንጌሎቹን ያስጠገነው ባለሙያዎቹን ወደ ገዳሙ አስመጥቶ እንጂ መጻሕፍቱን ወደ ባዕድ አገር ልኮ አይደለም።

የብራና ጽሑፎችን ወደ ፊልም ለመገልበጥ በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ሥራ 9 ሺህ ያህል መጻሕፍትን አዳርሷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንትም ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ደክመዋል። ሆኖም ከሊቃውንቱ በፊት ኃላፊነቱ የአጥቢያው ምእመን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ምዝገባን የባለይዞታው ግዴታ አድርጎታል።

በመሆኑም እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ካህናት፣ ሽማግሌዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ባሉበት ንብረቱን ይቍጠር፤ መጠኑንና ምስሉን ይያዝ፤ የመዝገቡንም ቅጂ ለሀገረ ስብከቱ ያስቀምጥ። ቍልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ብራናው ከመሬት ከፍ ብሎ እርጥበት በሌለበት ይቀመጥ፤ በሙጫና በፕላስተር አይለጠፍ። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ የሰበካው ቃለ ጉባኤም ነገ ታሪክ ናቸውና እንደ ተራ ወረቀት አይጣሉ። አረጋውያን የሚያውቁትም በሕይወት ሳሉ ይጻፍ።

ይልቁንም ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ የምናዋጣ ምእመናን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ አሮጌው ሲፈርስ በግድግዳው ያለው ሥዕል፣ በዕቃ ቤቱ ያለው ብራና የት ይገባል? ለሕንፃው ከምንሰጠው ጥቂቱን ለዕቃ ቤቱ ብንመድብ ሕንፃው ታሪክ አልባ አይሆንም። በመስከረም 21 ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣ ምእመን የግማደ መስቀሉን አመጣጥ ሲሰማ፣ ያን ታሪክ በመጽሐፈ ጤፉት ጽፈው፣ መጽሐፉንም ጠብቀው ያቆዩትን አበው ያስታውስ። እነርሱ ባይጽፉና ባይጠብቁ ምን እንሰማ ነበር?

የመስቀሉ በረከት አይለየን። አሜን።