ጣናን ከጀርባ አስቀምጦ ስለ ጣና ማስገልበጥ እስከ መቼ?

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። የምትማረው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ ከትምህርት ቤቷ አጥር ተነስቶ ጣና ዳር ለመድረስ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ባለፈው ሰሞን የ«ሶሻል» ደብተሯን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። (በወጉ ስሙ የኅብረተሰብ ትምህርት ነው፤ ልጆቹ ግን ሶሻል ነው የሚሉት፤ እኛም እንደዚያው ነበርን።) ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጣና ተጽፏል። ስፋቱ፣ ጥልቀቱ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ የደሴቶቹ ቁጥር፣ የሚገቡበት ወንዞች። «ይህን ሁሉ አስረዷችሁ?» ብላት፣ «አይ፣ ቲቸር ሰሌዳ ላይ ጻፈና ገለበጥን» አለችኝ። «ሐይቁ ዳር ወስዷችሁ ያውቃል?» ግራ ገብቷት አየችኝና፣ «ለሽርሽር ነው ለትምህርት?» ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ።

ብዕር ያስነሳችኝ ይቺ ጥያቄ ናት።

ከውጭ ሆኜ መምህር ለመውቀስ አይደለም የተነሳሁት። እኔም በዲፕሎማ ተመርቄ ጥቂት ጊዜ ጠመኔ ጨብጫለሁ። ስልሳና ሰባ ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል ውስጥ ማስገልበጥ ማለት ምን ዓይነት እረፍት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ክፍሉ ፀጥ ይላል፣ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ሲያልፍ ደስ ይለዋል፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ።

በወረቀት ላይማ ያልተባለ ነገር የለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ አፈራለሁ ብሎ ነው የተነሳው። ከዚያ ወዲህ «ተማሪ ተኮር»፣ «አሳታፊ»፣ «አክቲቭ ለርኒንግ» የሚሉት ቃላት በየሥልጠናው እንደ ዳዊት ተደግመዋል። ፖሊሲው ሲረቀቅ መምህሩ መች ተጠየቀ ብሎ የተሟገተው የያኔው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ምን እንደደረሰበት የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ተማሪው ይጠይቅ የሚል ፖሊሲ፣ የጠየቀውን መምህር እንዲህ አድርጎ ነው የተቀበለው!

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የቡድን ሥራን ስሙን አጠፋው። የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በሚባልበት ዘመን «አንድ ለአምስት» የሚሉት ነገር ወደ ክፍል ገባ። አምስት ልጅ በአንድ «ጎበዝ» ሥር ተጠርንፎ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንዳልሠራ ሪፖርት ይደረግበት ጀመር። በቀበሌም፣ በመሥሪያ ቤትም የነበረው አደረጃጀት ያው እሱ ራሱ ነው። ዛሬ «በቡድን ተወያዩ» ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ ወላጅ ቢኖር አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ተማሪን ገንዘብ እንደሚቀመጥበት ባንክ የሚያይ አስተማሪን ነቅፎ መጽሐፍ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ታስሮ ተሰድዷል። ክብር ይገባዋል። እኛ ግን እሱን ከመጥቀሳችን በፊት ዋሸራና ጎንጅ ነበሩን። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን አዲስ ቅኔ ይቆጥራል እንጂ የሌላውን ቢደግም ማፈሪያ ነው። ማታ አስቦ ያደረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ እንደገና ያስባል። ጎጃም ይህን ለዘመናት ሲያስተምር ኖሮ፣ የጎጃም ልጅ ዛሬ ከሰሌዳ ላይ ይገለብጣል።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፣ ትምህርት ቤቱንም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። አንድ ወጣት የሶሻል መምህር ስለ ጣና ውኃ ሲያስተምር ያደረገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ልጆቹን በሰባት ከፈላቸው። አንዱ ቡድን መብራት ኃይል፣ አንዱ አሣ አጥማጅ፣ አንዱ ታንኳ ሠሪ፣ አንዱ የጀልባ ካፒቴን፣ አንዱ ጢስ ዓባይ ላይ ቱሪስት የሚያስጎበኝ ልጅ፣ አንዱ የፎገራ ሩዝ ገበሬ፣ የመጨረሻው ሱዳን ውስጥ ዓባይን የሚጠጣ ገበሬ ሆነ። «ሂዱና ጠይቁ፤ ሳምንት ስትመጡ እንደነሱ ሆናችሁ ትከራከራላችሁ» አላቸው። የሱዳኑን የት ሄደው ይጠይቁ እንዳትሉ፤ ለእነሱ ካርታና አሮጌ ጋዜጣ ሰጣቸው።

በሳምንቱ አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዞ መጣ። ታችኛው ጎኑ ላይ ሰባት ቀዳዳ በስቶ በቡሽ ደፍኗቸዋል። ሰባቱ ቀዳዳዎች የጨረጨራ በሮች ናቸው። ጨረጨራ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው የውኃ መቆጣጠሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት በር ተጀምሮ በ2001 አምስት ተጨመረበት። በሌላው ጎን ስምንተኛ ቀዳዳ አለ። እሱ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ የሚወስደውና 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለለት ጣና በለስ ነው። ከጀሪካኑ ውጭ በቀይ ቀለም መስመር አሰመረ። ውኃው ከዚህ ከወረደ ጀልባ ይቆማል።

ከዚያማ ጉድ ነው የፈላው! መብራት ኃይል የሆኑት ልጆች «በለስን ክፈቱ» አሉ። ተከፈተ። ለጢስ ዓባይ የተረፈው ነጠብጣብ ሆነና አስጎብኚዎቹ ጮኹ፦ «ፏፏቴው ደርቆ ቱሪስቱን ምን እናሳየው?» ካፒቴኖቹ ቀዩን መስመር እያሳዩ፣ በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ ጀልባ እንደተቸገረ ከአንድ አዛውንት የሰሙትን ተናገሩ። «በቃ ሁሉንም ዝጉ» ሲባል ደግሞ የፎገራ ገበሬዎች ተነሱ፦ «ሐይቁ ሲሞላ ማሳችን ይዋጣል፤ በ1998 ክረምት የደረሰብንን ረሳችሁት?» ሱዳኖቹ ዝም ብለው ቆይተው «እኛ ግን መቼ ነው የምንናገረው?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ታንኳ ሠሪ ከሆኑት መካከል ከወይጦ ሰፈር የሚመጣ ልጅ ነበረ። ዓመቱን ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ነው የከረመው፤ መምህሩ ራሱ ድምፁን እንደማያውቀው ነገረኝ። ያን ቀን ደንገል ይዞ መጥቶ እንዴት እንደሚታሰር፣ ታንኳው ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል፣ የሐይቁ ዳር ሲታረስና እምቦጭ ሲወርሰው ደንገሉ እንዴት እንደራቀ ቆሞ አስረዳ። «አባባን ጠይቄ ነው» አለ። ሲሸሹት የኖሩት ልጆች ጥያቄ ጠየቁት። የትኛው የሥነ ዜጋ ምዕራፍ ነው ይህን የሚሠራው?

እንግዲህ ወደ ጦሱ ልምጣ። በክርክሩ መሐል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጢስ ዓባይ ላይ ሁለት ማመንጫ አለ ብላችሁናል፣ በለስም አለ፣ የህዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ታዲያ እኛ ቤት መብራት ለምን ይጠፋል?» መምህሩ ምን አለ? «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማንን ብንጠይቅ መልስ እናገኛለን?» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ የቤት ሥራ ሰጠ። በማግስቱ ቢሮ ተጠራ። ከዕቅድ ወጥተሃል ተባለ፤ ምዕራፉ አላለቀም ተባለ፤ በመጨረሻም እውነቱ ወጣ፦ «በዚህ ጊዜ ልጆችን ፖለቲካ ማስተማር ለማንም አይበጅም።» ደብዳቤው ሳይላክ ቀረ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። አሁን ፀጥ ባለ ክፍል ያስገለብጣል፣ ማንም አይጠራውም።

«በዚህ ጊዜ» የሚለውን ቃል አቃልዬ አላልፈውም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት ገብቶ፣ በ2017 በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሳይከፍቱ ቀርተዋል። ሰሌዳ ያላየ ሕፃን ስንት ባለበት አገር አንተ ስለ ጀሪካን ታወራለህ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። ስልሳ ልጅ ይዞ ሐይቅ ዳር መውረድም እንደ ድሮው አይደለም፤ ወላጅም ይፈራል፣ መምህሩም ይፈራል። ግን ጀሪካኑ ከአጥር አልወጣም እኮ! ዋጋውም ከአንድ የሥልጠና ቀን ውሎ አበል አይበልጥም። ዝርዝር ይዘው ገበያ ላይ የጤፍና የዘይት ዋጋ በየሳምንቱ እየመዘገቡ በግራፍ መሥራት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ ሲከፈት ማን ከየት መጥቶ እንደተቀጠረ አያትን መጠየቅ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ በእርምጃ ለክቶ ካርታ መሣል፣ እነዚህ ሁሉ ምን በጀት ይፈልጋሉ?

ምዕራፍ መጨረስ አለብን የሚሉትንም ሰምቻለሁ። ምዕራፉን ጨርሰን የት ደረስን? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ናቸው። እነዚህ ልጆች እኮ ምዕራፉን አልገለበጡም አይባሉም። ደብተራቸው ሙሉ ነበር።

ስለዚህ ከክልሉ ትምህርት ቢሮ አዲስ ሥልጠና አልለምንም፤ አዳራሽና ሻይ ቡና ያለበት ሥልጠና ጠግበናል። የምጠይቀው አንዲት ገጽ ደብዳቤ ነው። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ልጆቹን ሲያከራክር፣ ልጅም ስለ መብራት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ገበያ ስትጠይቅ፣ መምህሩ ቢሮ አይጠራም የምትል። ማኅተም ያለባት፣ ለየትምህርት ቤቱ የምትበተን፣ ሰሌዳው አጠገብ የምትለጠፍ። የልጅቷ ጥያቄም ለሚመለከተው ይላክላት። እስካሁን መልስ እየጠበቀች ነው።