ደቅ ላይ ትቆማለች ወይ?

የጣና ሐይቋን መርከብ ጣናነሽ ፪ን በስልኩ መስኮት ያላየ ሰው አለ ብዬ አላምንም። ከዴንማርክ ተገዝታ ጅቡቲ ወደብ ደረሰች፤ ከዚያም 38 ሜትር ርዝመቷን ይዛ፣ ጎማው ተቆጥሮ በማያልቅ ተሳቢ ላይ ተጭና፣ አገር አቋርጣ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ባሕር ዳር ገባች። እልል ተባለላት፤ ፎቶ ተነሳ፤ ባለሥልጣን ንግግር አደረገ። ሌላው ወገን ደግሞ «ሕዝብ በጦርነት እየታመሰ መርከብ ምን ይሠራል?» ብሎ ተሳለቀባት። ስድብና ሙገሳ ለወራት ተወራወሩ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ግን አንድ ሰው ሲናገር አልሰማሁም፤ ተሳፋሪው። ተሳፋሪ መርከብ ሲያይ የሚጠይቀው ይታወቃል። በስንት ሰዓት ትነሳለች? ሒሳቡ ስንት ነው? እህልና በግ ትጭናለች? ደቅ ደሴት ላይ ትቆማለች ወይ?

እኔ የጢስ ዓባይ ልጅ ነኝ፤ የምቆጣውም ለዚህ ነው። የአካባቢው ሰው ምንም ሳይጠየቅ ለተመልካች ብቻ የሚተው ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የእኛን መንደር ይጠይቅ። ፏፏቴያችን በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ በየኪሱ የዞረ ነው። ክረምት ሲሞላ እስከ 400 ሜትር ድረስ ይሰፋል፤ ከ40 ሜትር በላይ ዘሎ ሲወርድ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። በ1956 ዓ.ም. 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሲሠራ ፏፏቴው ብዙም አልተነካም ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራጨራ ላይ ውሃውን የሚይዝና የሚለቅ ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው ጣቢያ መጣ። ውሃው አፋፉ ላይ ሳይደርስ በቦይ ተጠልፎ ወደ ተርባይኑ ይሄድ ጀመር። በበጋ የቀረልን ጥቁር አለትና በጥጉ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ነበር።

መብራት አትሥሩ ያለ አልነበረም። አገር መብራት ያስፈልጋታል። ሰውን ያቃጠለው ሌላ ነው። ለእንግዳ ማስጎብኘት የጀመሩት ልጆች፣ ቅልና ነጠላ አንጥፈው የሚሸጡት እናቶች፣ ከአፋፉ በላይ ወንዙን በጀልባ የሚያሻግሩት ሰዎች በፏፏቴው የሚያድሩ ነበሩ፤ ውሃው ስንት ወር እንደሚጠፋ፣ በየትኛው ወር ምን ያህል እንደሚለቀቅ ለእነሱ የነገራቸው የለም። ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ አንጋጦ እያየ «ውሃው የት አለ?» ሲል የሚያፍረው የሰፈሬ ልጅ ነበር። ግድቡን የዘጋው ሰው እዚያ አልነበረም።

ስለዚህ በጣና ላይ አዲስ መርከብ መጣ ሲባል መጀመሪያ ያየሁት ከመርከቡ በታች ያለውን ውሃ ነው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል እንጂ ጥልቅ አይደለም። በአማካይ ዘጠኝ ሜትር አይሞላም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ደግሞ ሰው ቆሞ ይሄድበታል። በእንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ የአንድ ክንድ ውሃ መጉደል ለዓሣ አስጋሪው ታንኳ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለትልቅ ጀልባ ግን ወደብ መድረስና አለመድረስ ነው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያሻም፤ 1995 ዓ.ም.ን የሚያስታውስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ዝናቡ አነሰ፤ ጨራጨራ ላይ ደግሞ ለሁለተኛው ጣቢያ ውሃ ተለቀቀ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ እስከዚያ ቀን ተመዝግቦ የማያውቅ ዝቅታ ላይ ደረሰ። ትልልቆቹ ጀልባዎች ለአራት ወር ያህል ሥራ አቆሙ። ውሃው የለቀቀውን መሬት ገበሬው በበሬ አረሰው። መርከብ የሚሄድበት ቦታ ላይ ሞፈር ገባ!

ከዚያ ወዲህ ጣና የሚቀዳበት ሌላ ትልቅ በር ተከፍቷል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ ፕሮጀክት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውሃውን ወደ በለስ ወንዝ እየወሰደ ለ460 ሜጋ ዋት ጣቢያ ይሰጣል። መራዊ ላይ የቆጋ ግድብ፣ በሌላው ወገን የርብ ግድብ፤ ሁሉም ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ድርሻውን ይወስዳል። የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የታቀደው ልማት ሁሉ ቢሠራ ጣና በአማካይ በ44 ሳንቲሜትር ገደማ ዝቅ ሊል እንደሚችል፣ ይህም ለጀልባ ትራንስፖርት ችግር እንደሚሆን በስሌት አሳይተው ጽፈዋል። ይህ ከታተመ ዓመታት አልፈዋል። መርከቡን ያዘዘው ሰው አንብቦት ይሆን? ካነበበውስ በድርቅ ዓመት መጀመሪያ የሚዘጋው የማን ቧንቧ እንደሆነ በጽሑፍ የተስማማው ከማን ጋር ነው? ይህን መልስ በይፋ እፈልጋለሁ። የእኔን መንደር ውሃ የወሰደው ያልተጻፈ ስምምነት ነውና።

እንቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ሳልጨምር ነው ይህን ያልኩት። በ2004 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ መታየቱ ሲነገር ብዙ ሰው እንደ ተራ አረም ንቆት ነበር። በኋላ በሺህ የሚቆጠር ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው አየን። በአረም የተሸፈነ ዳርቻ ላይ መርከብ ቀርቶ ታንኳም አይጠጋም። ከሰከላ ጀምሮ ግልገል ዓባይ አፈር ጠርጎ የሚያመጣውም እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው የሚተኛው። የሰከላ ሰው «ጣና ከእኔ ሩቅ ነው» እንዳይል፤ በደጋው ያልተሠራ እርከን ጣና ላይ ደለል ሆኖ ይቆያል።

አሁን ወደ ተሳፋሪው ልመለስ።

በአሮጌው ጀልባ ሄጄ አውቃለሁ። አክስቴ ቁንዝላ ነበረች። ጀልባው በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር በጠዋት ተነስቶ ዘጌን፣ ደቅን እየነካ ቁንዝላ ያድራል፤ በማግስቱ በደልጊ አድርጎ ጎርጎራ ይገባል። የናፍጣው ሽታ ራስ ያዞራል። መተላለፊያው ላይ የጤፍ ጆንያ ተደራርቧል፤ ሰው የሚቀመጠው ጆንያው ላይ ነው። የዘጌ ሴቶች ቡናቸውን በቁና ይዘው ይገባሉ። እግራቸው የታሰረ በጎች በሞተሩ ድምፅ ደንግጠው ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ ከደቅ በቃሬዛ የተጫነች ሴት አስታውሳለሁ፤ ምጥ ይዟት ቀን አልፎባታል፤ ጀልባው እስኪመጣ ነው የተጠበቀው። ባሏ እራስጌዋ ተንበርክኮ በነጠላው ከፀሐይ እየጋረዳት ነበር። ከፊቱ ላይ ላቡ እየወረደ እጁን አንዴም አላወረደም። ሰው ሁሉ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው፤ አንዲት ባልቴት ከቅላቸው ውሃ አውጥተው ከንፈሯን አራሱላት። «አይዞሽ ልጄ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ይሏታል። ባሕር ዳር ስንደርስ ከጀልባው ወደ ድንጋዩ የሚያሻግረው ሳንቃ ለቃሬዛው ጠበበ። በጉልበት፣ በእጅ በእጅ አሻገሯት።

ለእኔ የጣና መርከብ ማለት ይህ ነው። ያ ሳንቃ መስፋት ነበረበት፤ ያ የሳምንት ቀጠሮ የየቀን መሆን ነበረበት። 188 ሰው የምትይዝ ጀልባ ከመጣች የመጀመሪያው ወንበር የዚያች ሴት ነው። የነጋዴዋ ነው። ትምህርት ቤት ፍለጋ ከደሴት የሚወጣው ልጅ ነው። ቱሪስት ይምጣ፤ እሰየው፤ ናርጋ ሥላሴን ይይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስን ይሳለም፤ ገንዘቡንም ይተው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጎጃም በጦርነት ውስጥ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የጢስ ዓባይ አስጎብኚ እንግዳ ካየ ስንት ጊዜው ነው? መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ መኪና በቆመ ቁጥር መድኃኒት የሚጠብቅ፣ እህል የሚጠብቅ ሕዝብ ሐይቁ ዳር ተቀምጧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መርከብን ለቱሪስት ብቻ ማሰብ ጭካኔ ነው። ቃሉን መርጬ ነው ያልኩት።

«መርከቧ የተገዛችው ለቱሪዝም ነው፤ ውድ ናት፤ ገንዘቧን መመለስ አለባት» የሚሉኝን ሰምቻለሁ። መንገድ ስንሠራ የጎንደሩ ገበሬ የአስፋልቱን ዋጋ ይመልስ ብለናል? የከተማ አውቶቡስ በድጎማ ሲሄድ አላየንም? የደቅ ሰው ውሃ ከብቦት ስለተወለደ ነው መንገዱን በቱሪስት ዋጋ የሚገዛው? ደሴተኛው ግብር ይከፍላል፤ ልጁን ለአገር ይሰጣል፤ ገዳማቱን ከእነ ብራናቸው ለዘመናት ጠብቆ ያቆየልን እሱ ነው። እንግዳው ዶላር ከፍሎ የሚያየውን ቅርስ የጠበቀው ሰው መርከቧን ከዳር ቆሞ የሚያይ ከሆነ ያሳፍራል።

ለሚሳለቁትም የምለው አለኝ። «ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ የሚያምረው መልስ እስኪያገኝ ለሚከታተለው ሰው ነው። አንድ ቀን ተሳልቆ በማግስቱ ወደ ሌላ ወሬ የሄደ ሰው ለደቅ ሰው ምንም አልፈየደለትም። መርከቧ መጥታለች። ገንዘቡ ወጥቷል። ዛሬ የሚያስፈልገው የሕዝብ እንድትሆን መታገል ነው። መምጣት አልነበረባትም እያሉ መቆጨት ዛሬ ለማንም አይጠቅምም። በስልክ ከሩቅ መሳደብ ቀላል ነው፤ ቁንዝላ ወደብ ላይ ጀልባ እየጠበቀ ለሚያድረው ሰው ግን ስድቡ ወንበር አይሆነውም።

ሌላም ሰው አልረሳም። የደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣ እያሰገሩ በዳርቻው የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ሐይቁን ከማናችንም በላይ ያውቁታል፤ በየትኛው ወር ውሃው የት እንደሚሸሽ፣ ማዕበሉ ከሰዓት በኋላ ከየት እንደሚነሳ ያውቃሉ። ትልቅ መርከብ በአጠገብ ሲያልፍ የሚያስነሳው ሞገድ የደንገል ታንኳን ይገለብጣል። መንገዱ ሲከለል እነሱ ተጠይቀዋል? መርከበኛ ሲቀጠር ልጆቻቸው ተጠርተዋል? ለዘመናት የተናቀ ሕዝብ በገዛ ውሃው ላይ እንደገና ዳር እንዲወጣ አልፈቅድም።

የምጠይቀው ሰማይ የሚያናጋ አይደለም። የትራንስፖርቱን ሥራ የያዘው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ፣ የክልሉ መንግሥት፣ ውሃውን የሚያዙት መሥሪያ ቤቶች ባሕር ዳር ላይ ይቀመጡ፤ የደቅ፣ የዘጌ፣ የቁንዝላ፣ የደልጊ ሰዎችም አብረው ይቀመጡ። የመነሻ ሰዓቱና ታሪፉ በየወደቡ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። የነዋሪው ታሪፍ ከጎብኚው ይለይ። ሕመምተኛና ወላድ በነፃ ይሳፈሩ። ትልቋ መርከብ ዳር መጠጋት በማትችልበት ወደብ የምታደርስ ትንሽ ጀልባ ትመደብ፤ ቃሬዛ የሚያሳልፍ መሻገሪያ ይሠራ። ጨራጨራና በለስ በየወሩ የሚለቁት ውሃ፣ የሐይቁም ከፍታ በሬዲዮ ይነገር፤ የሚያርሰውም የሚያሰግረውም ይስማው።

ሐይቁ መስከረም ላይ ሞልቶ ያምራል፤ ካሜራም የሚበዛው ያኔ ነው። መርከቧን ግንቦትና ሰኔ ላይ እናያታለን፤ ውሃው ከዳር ሸሽቶ ጭቃው ሲታይ፣ የገበሬው እህል አልቆ ከገበያ መግዛት ሲጀምር፣ የደሴቱ ሰው መሻገር ግድ ሲሆንበት። ስብሰባው ከዚያ በፊት ይደረግ። የጢስ ዓባይ ሰው ቢጠራ እኔም እመጣለሁ።