ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪ

የአንድ ሰው ልጅ ታሞ ሆስፒታል ተኛ ሲባል ብዙዎቻችን «ሕክምናው ስንት ፈጀ?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ክፋት የለውም። ይሁን እንጂ ቤተሰቡን የሚያናጋው በገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት የሚከፈለው ብቻ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የባሰው ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

እስቲ ነገሩን ከመነሻው እንየው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳው ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ሕመሙ ከከፋም የዓባይን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ ድረስ ሪፈር ይጻፋል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ግን የመኪና ዋጋ አይጻፍም። ሕጻን ደግሞ ብቻውን አይሄድም። እናት አለች፤ የሚጠባ ታናሽ ካለ እሱም ታዝሎ ይሄዳል፤ ከተማ የሚያውቅ፣ የተጻፈ የሚያነብ አንድ ዘመድም ያስፈልጋል። ለአንድ ሕመምተኛ ሦስትና አራት ሰው ተሳፈረ ማለት ነው። ሲደርሱም አልጋ የሚሰጠው ለልጁ ነው። እናት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ወይም ወንበር ላይ ተደግፋ ታድራለች፤ አባት ወይም አጎት ሲመሽ ከክፍሉ ይወጣና በረንዳ ላይ ካላደረ አልጋ ይከራያል። ነገ ደግሞ ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ሳሙና አለ፣ የሞባይል ካርድ አለ፣ ዳይፐር አለ። «ይህ መድኃኒት እኛ ጋ የለም፣ ውጭ ፈልጉ» የተባለ ለት ደግሞ ማዘዣ ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት በታክሲ መዞር አለ።

ቀኑም ቢሆን አንድ ሁለት ተብሎ አያልቅም። ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። የጭን አጥንቱ ተሰብሮ በክብደት የሚጎተት ልጅ ሳምንታት ይተኛል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ደግሞ እየተኙና እየተመላለሱ ከሁለት ዓመት በላይ የሚታከሙት ነው። በዚህ ላይ ያልተሠራውን ሥራ ደምሩበት። ሕመሙ ሐምሌ ላይ ከመጣ ማሳው ሳይዘራ ይቀራል። ቀን ሠራተኛው ያልዋለበት ቀን አይከፈለውም። ጉልት የምትነግደው እናት ደግሞ በሦስተኛው ቀን መነሻዋን መብላት ትጀምራለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ቢድንም የምትመለስበት ንግድ የለም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው አደጋ። እናት ሁሉንም ከቆጠረች በኋላ «ልጄ ተሽሎታል፣ ልሂድ» ትላለች። ሐኪሙ ገና ነው ይላታል። እሷ ግን ፈርማ ትወጣለች። የእህቴን ልጅ ሳስታምም በነበረበት ወቅት አጠገባችን የነበረች አንዲት እናት እንዲሁ ስትፈርም አይቻለሁ። «ባለማወቅ ነው» ሲሏት ሰማሁ። የለም፣ አውቃ ነው! መድኃኒቱ መቋረጥ እንደሌለበት ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ቤት የቀሩት ሦስት ልጆች ግን ምን ይብሉ? ድህነትን ድንቁርና ብሎ መጥራት መቼ እንደሚተወን አላውቅም።

መድን አለ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎን፣ አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ቦታ ተስፋፍቷል፤ ጥቅሙም የማይካድ ነው። ተኝቶ መታከምን ይሸፍናል፤ መኪናውን፣ የአስታማሚውን ምግብና ማደሪያ ግን አይሸፍንም። ደብተሩ በየዓመቱ ካልታደሰ፣ ወይም ቤተሰቡ በጤና ጣቢያ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ፣ ያለው መብትም ይጎድላል። ይህን ለወላጅ ማስረዳት ከመምህር የማይበልጥ ሥራ ነው። የእኛ የደመወዝተኞቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ቢወጣም ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ስለዚህ «የገበሬው ችግር ነው» ብሎ የሚያልፍ መምህር ካለ ተሳስቷል።

የቁጥር ነገር ከተነሣ፣ ቤተሰብን አድቃቂ የሆነ የሕክምና ወጪ በዓለም ደረጃ ለብዙ ዓመታት ሲለካ የቆየው ከቤተሰቡ ጠቅላላ ወጪ ወይም ገቢ ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ሲከፈል በሚለው ነው፤ መኪናና ማደሪያ በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ለሳንባ ነቀርሳ ግን የተለየ መለኪያ ተበጅቷል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀውን ስትራቴጂ ተከትሎ በሚደረገው ጥናት መጓጓዣው፣ ምግቡና የተቋረጠው ገቢ ተደምሮ ከዓመታዊ ገቢ 20 በመቶ ካለፈ ቤተሰቡ ተጎድቷል ይባላል። መድኃኒቱ በነፃ እየተሰጠም ቢሆን ማለት ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የተቻለ ቆጠራ ለተኛ ሕጻን ለምን አይቻልም?

ወደ እኛው ሥራ ልምጣ። ነገ ክፍል ስትገቡ የስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብላችሁ ምልክት የምታደርጉባት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ራሷ ላትታመም ትችላለች። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ሆስፒታል ስለገባች ቤቱን ይዛ፣ እንጀራ እየጋገረች፣ ታናናሾቿን እየጠበቀች ሊሆን ይችላል። የወንድሟ ሕመም ወጪ በሷ ትምህርት እየተከፈለ ነው። መምህሩ ሦስት ሳምንት ቆጥሮ ስሟን ከሰረዘ ሂሳቡ ተዘጋ ማለት ነው። አንድ ጎረቤት ልጅ ልኮ ማስጠየቅ፣ ደብተር መላክ፣ ስትመለስም ያለፈውን ፈተና ማስፈተን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በትምህርት አሰጣጥ ዘዴ ክፍለ ጊዜያችን ስለ ቀሪ ተማሪ ስናነሣ «የዲሲፕሊን ጉድለት» ከሚለው ርእስ ሥር ብቻ ማስቀመጣችን ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስለ ጥየቃችንም አንድ ነገር ልበል። ሰው ታሞ አለመጠየቅ በእኛ ባህል ነውር ነው፤ ደግሞም ይሁን። ነገር ግን አሥራ አምስት ሰው አሥራ አምስት ፌስታል ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ሲመጣ ልጁ በአፉ ምግብ ተከልክሎ ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱ ግን ለማታ የምትበላው የላትም። ለብርቱካኑ የወጣው ገንዘብ እጇ ላይ ቢቀመጥ ምናለበት? አንዱ ምሳ ዕቃ ይዞ ቢመጣ፣ ሌላው ልብስ ቢያጥብ፣ አንዷ እህት ሌሊቱን ተክታት አስታማሚዋ ቤቷ ገብታ ብትተኛስ? ማዘዣ ይዞ የሚወጣውም ሰው ማስታገሻውን ከመግዛቱ በፊት የቀይ መስቀልን፣ አዲስ አበባ ከሆነም የከነማን መድኃኒት ቤት ቢያስቀድም፣ ሐኪሙንም «በሌላ ስም የሚሸጥ ርካሽ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ያተርፋል።

በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበር ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ነው። ለታማሚ ልጆች ከሚያደርገው እርዳታ ውስጥ መጓጓዣና ማደሪያ መኖሩ አያስገርምም፤ ያየ ያውቃልና።

የእኛ ዕድር ግን ገና አላየም። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን። አባል ሲሞትበት በማግስቱ ገንዘቡ ይቆጠራል። የአባል ልጅ ተኝቶ መኪና መሳፈሪያ ሲያጣ ግን መተዳደሪያ ደንቡ ዝም ይላል። በሌላ ቦታ ለሕመም የሚያበድሩ ዕድሮች አሉ፤ አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። በሚቀጥለው የተቋማችን መምህራን መረዳጃ ዕድር ስብሰባ ላይ ልጁ ሆስፒታል ለተኛበት አባል በሁለት ቀን ውስጥ የሚሰጥ፣ ያለ ወለድ ቀስ ተብሎ የሚመለስ ብድር በደንቡ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለእጩ መምህራን ደግሞ የራሳቸው ማኅበር አለ፤ ወንድም እህት የሌለው የለምና ይነጋገሩበት። «የዕድር ገንዘብ ለሞት ብቻ ነው» የሚል ካለ ምክንያቱን ጽፎ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ከጽሑፌ ጎን ይለጥፍልኝ።