ሩዙ ኪታቡ ውስጥ አለ

የሻፊዒይ መዝሀብ የፊቅህ ኪታብ የሆነውን ሚንሃጅን የቀራ ደረሳ የዘካውን ምዕራፍ ያስታውሳል። ኢማም ነወዊይ በ7ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ሻም ላይ ሆነው ሲጽፉት ሩዝን በስሙ ጠርተውታል፤ ከነገለባው ስለሚከማች ዘካ የሚወጅብበት ልክ በ5 ወስቅ (የእህል መስፈሪያ ነው) ፋንታ 10 ወስቅ ነው ይላሉ። ፎገራ ሜዳ ሩዝን በስፋት የለመደው በደርግ ዘመን ነው። ኪታቡ የፎገራን ገበሬ 700 ዓመት ያህል ቀድሞ ጠብቆታል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ለገበሬው ማን ይንገረው? የዐረብኛ ሰዋስው ኪታቦቹን፣ አጅሩሚያን ጨርሶ አልፊያን የሐፈዘ ወጣት ሚንበር ላይ ሲወጣ ስለ ዘካ ትሩፋት ግማሽ ሰዓት ያወራል። ዐረብኛውን ያነባል፣ አማርኛውን ከኋላው ያስከትላል። ከርብ ወንዝ ዳር የመጣው ሰውዬ ግን ሐሳቡ አውድማው ላይ ነው፦ የሚሰፈረው ከመፈልፈያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኹጥባ መሐል አይጠየቅም፤ ሰግዶ ይሄዳል።

ልጁ አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ሸኹ ኪታቡን ቃል በቃል በአማርኛ ሲፈቱለት ዓመታት ቁጭ ብሎ ሰምቷል፤ ነህዉም ሶርፉም አለው። ቆመህ ለሕዝብ ተናገር ያለው ግን የለም። በእኔ እምነት ደረሳ ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) ከመቀበሉ በፊት አንድ መስአላ ፊደል ላልቆጠረ ሰው አስረድቶ፣ ጥያቄውንም መልሶ መታየት አለበት።

ለሕዝብ በሚገባው መንገድ ማስረዳት የዘመን አመጣሽ ነገር አይደለም። የወሎው ሸህ ጦልሐ ጃዕፈር በአማርኛ መንዙማ የገጠሙት ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሊደርሱት ነበር። ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሸህ ሰዒድ ሙሐመድ ሳዲቅ የተረጎሙት ቁርአን በ1961 ዓ.ም. የታተመው ዐረብኛ ለማያነበው ነው። ነቢዩላህ ሙሳስ ቢሆኑ፣ ከእኔ ይልቅ አንደበቱ የቀና ነው ብለው ወንድማቸውን ሃሩንን ከጌታቸው አልጠየቁም?

አንደበት ማሳመር ሪያእ (ለታይታ መሥራት) ነው የሚሉ አሉ። ለጭብጨባ ከሆነ ልክ ናቸው። እኔ የምለው ግን ማሳጠርንም ይጨምራል፤ ኹጥባ ማሳጠር የሰውየው ማስተዋል ምልክት መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተናግረዋል። ግማሽ ሰዓት ያልኩት ለዚህ ነው።

ወጣቱ እንዲህ ቢል ይበቃዋል፦ «ጋሼ፣ ዝናብ ያበቀለው ሩዝ ልኩን ከሞላ ከ10 አንዱ ይወጣል። በጋ ላይ ናፍጣ ገዝተህ በፓምፕ ያጠጣኸው እህል ከ20 አንዱ ነው፤ ድካምህ ታስቦልሃል።» ይህን የሰማ ሰው ቀጥሎ ስለ ሽንኩርቱ መጠየቁ አይቀርም። እዚያ ላይ ሻፊዒይና አቡ ሐኒፋ አይስማሙም፤ ኢማሙ ሻፊዒይ ዘካ የለበትም ሲሉ አቡ ሐኒፋ አለበት ይላሉ። ልጁ ሁለቱንም ይዞ ይቅረብ።