ከኮሌጁ ስም በፊት ትምህርቱ ይመርመር

እ.ኤ.አ. በ1999 በሴፕቴምበር ወር፥ ማርስን እንድታጠና ከአሜሪካ የተላከችው የጠፈር መንኰራኵር ከፕላኔቷ እንደ ደረሰች ጠፋች። በምርመራ የተገኘው ምክንያት ብዙዎችን አስገርሟል፤ አንደኛው ወገን የግፊቱን ልክ በእንግሊዝ መለኪያ አስልቶ ሲሰጥ፥ ሁለተኛው ወገን በሜትሪክ መለኪያ የተሰላ መስሎት ተቀብሎት ኖሯል። ሁለቱም በየሙያቸው ዐዋቂዎች ነበሩ፤ የጐደለው የሁለቱን ሥራ አገናኝቶ የሚመረምር ዐይን ነው።

ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ የሚባለው ትምህርት እንዲህ ያለውን ዐይን ለማሠልጠን የተነሣ ነው። ለምሳሌ የአዲስ አበባን የኤሌክትሪክ ባቡር እንመልከት። ሐዲዱ፥ የኤሌክትሪኩ ኀይል፥ የምልክቱ መብራትና የትኬቱ አሻሻጥ ልዩ ልዩ ሙያዎች ናቸው፤ ተሳፋሪው የሚያውቀው ግን ባቡሩ በሰዓቱ መድረሱን ወይም መቅረቱን ብቻ ነው።

ይህን ትምህርት የሚሹ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት፥ «ስሙ የታወቀው ኮሌጅ የትኛው ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ፊተኛ ሊሆን አይገባውም። በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይቀድሙታል።

አንደኛው፥ ትምህርቱ በየትኛው ዲግሪ ቢወሰድ ይሻላል? የሚለው ነው። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ትምህርት ራሱን የቻለ ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961፥ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1975 ሲሆን፥ በሁለቱም ዘንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ይገኝበታል። ሌሎች ብዙ ኮሌጆች ግን የሚያስተምሩት በሁለተኛ ዲግሪ ነው። ስለዚህ በሲቪል፥ በኤሌክትሪክ ወይም በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ ሥራ የያዘ ወጣት በመሥሪያ ቤቱ ያየውን ችግር ይዞ ለሁለተኛ ዲግሪ ቢገባ ይጠቀማል። ተማሪውም ቢሆን አስቀድሞ አንድ ሙያ አጥብቆ ቢይዝ የሚከስረው ነገር የለም፤ ክፍሎቹን የማያውቅ ሰው ሊያገናኛቸው አይችልምና።

ሁለተኛው፥ የትምህርቱ መጽደቅ ነው። በአሜሪካ የምሕንድስናን ትምህርት መዝኖ የሚያጸድቀው ኤ.ቢ.ኢ.ቲ. የተባለው ድርጅት የሚመዝነው እያንዳንዱን የትምህርት መርሐ ግብር እንጂ ኮሌጁን በጅምላ አይደለም። ከዚህም የተነሣ በስመ ጥሩ ኮሌጅ ውስጥ ያልጸደቀ መርሐ ግብር ሊገኝ ይችላል። የገንዘቡንና የዓመታቱን ብዛት ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፥ ተማሪዎቹ በመጨረሻው ዓመት የሚሠሩት ሥራ ነው። ልዩ ልዩ ሙያ የሚያጠኑ ተማሪዎች በአንድነት ሆነው ለእውነተኛ ባለጉዳይ የሚሠሩ ከሆነ፥ ከባለጉዳዩ ጋር መከራከርን፥ ወጪን መመጠንንና ስሕተትን በጊዜ ማግኘትን ይማራሉ። ሁሉም በየወንበሩ ቀመር ብቻ ሲፈታ የሚውል ከሆነ ግን፥ ትምህርቱ ስሙን እንጂ ግብሩን አልያዘም።

«የኮሌጁ ስም ሥራ ያስገኛል» የሚሉን አይጠፉም። እውነት ነው፤ ስም በር ያስከፍታል። ከበሩ ወዲያ የሚያኖረው ግን ችሎታ ነው።

እንግዲህ ማመልከቻ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱ ወጣት ለኮሌጁ አንዲት አጭር ደብዳቤ ይጻፍ፤ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ምን ሠሩ? ለማን ሠሩት? ከየትኞቹ ባለሙያዎች ጋር ሠሩት? ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ የጠራ መልስ የሚሰጥ ኮሌጅ ስሙ ባይገንም ሊመረጥ ይገባዋል እንላለን።