ሥራ ፈት ወይስ ፈታይ?

የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ሥራ» የምትል አጭር መስመር ነበረች። ለሴት አያቶቻችን እዚያች መስመር ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ ያው ነበር፤ «የቤት እመቤት»። ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ይሞላታል። እመቤትነቷ ከየት እንደመጣ፣ የምታዛቸው ደንገጡሮች የት እንዳሉ የጠየቀ የለም። ያም ሆኖ ማዕረግ ነበረው። የዛሬው ግን ከዚያም የባሰ ነው። የልጅ ልጆቿን «አያታችሁ ምን ትሠራለች?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ኧረ እሷማ ሥራ የላትም፣ ቁጭ ብላ ነው የምትውለው» ይሏችኋል። ይህን የሚሉት እሷ ያቀረበችላቸውን ቡና እየጠጡ ነው።

እኔ ይህ አነጋገር ውሸት ነው እላለሁ። ደግሞም የዋህ ውሸት አይደለም፤ ተጠቃሚ ያለው ውሸት ነው። «ሥራ የላትም» የተባለችን ሰው ለማሠራት ፈቃድ አይጠየቅም፣ ዋጋ አይነሳም፣ የእረፍት ቀን አይቆረጥም።

እስቲ «ቁጭ ብሎ መዋል» የተባለውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ፈትል ይባላል። ጥጡ ከገበያ የሚመጣው ከነፍሬው ነው። መጀመሪያ በድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ይዳመጥና ፍሬው ይለያል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ ተነድፎ ሲፈታና ሲበተን ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው እየተጠቀለለ አመልማሎ ይወጣዋል። እንዝርቱን እያሾሩ ክሩን የሚስቡት እንግዲህ ከአመልማሎው ነው። ለድር የሚሆነው ክር በደንብ የከረረና ጠንካራ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሸማኔው ወጥሮ ሲሠራ እየተበጠሰ ያስቸግረዋል። ለማግ የሚሆነው ለስለስ፣ ላላ ይላል። ይህን ልዩነት የምታውቀው በጣቷ ነው። ጋቢ ደግሞ አራት እጥፍ ነው። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ልቃቂት ለማጠራቀም ስንት ምሽት እንደሚፈጅ የሚያውቅ፣ በብርድ ጊዜ ጋቢውን ተከናንቦ «አያቴ ሥራ የላትም» ሊል አይችልም፤ አፉ ይይዘዋል።

ፈትሉ ብቻ አይደለም። ስንደዶና አክርማ ሰብስባ፣ አለላ ነክራ፣ በወስፌ እየወጋች የሰፋችው መሶብ አለ። ከተሜዋ አያት ደግሞ ኪሮሿን ይዛ ዳንቴል ትሠራለች፣ ትራስ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ብላ ትጠልፋለች። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በአዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር ምን ነበር? ሶፋው ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ነጠላ ያጣፋ ይመስል ነበር። ያኔ በዚያ እየኮራን እንግዳ እንቀበል ነበር፤ ዛሬ በዚያው እንሳለቃለን።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር ልጨምር። ልቃቂቱ ተሰብስቦ ሸማኔ ጋ ሲሄድ «የእጅ ዋጋ» የሚባል ነገር አለ። ሸማኔው የእጁን ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይቀበላል፤ ይገባዋልም። ጥለቱ ዋጋ አለው፣ ጥልፉ ዋጋ አለው። የፈተለችው እጅ ግን «የአያት እጅ ነው» ተብሎ ይዘለላል። አንድ ጋቢ ላይ ሁለት ሰው ሠርቶ የአንዱ ብቻ ሥራ ተብሎ የሚቆጠረው በምን ሒሳብ ነው?

ሒሳቡን ያበላሸነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1934 ሳይመን ኩዝኔትስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለአገሩ ሴኔት ሲያቀርብ፣ የቤት እመቤቶችን አገልግሎት ከስሌቱ ውጪ አድርጎታል። ዋጋ የለውም ብሎ ሳይሆን ዋጋውን ለመለካት ስለሚያስቸግር ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዓለም ግን ምክንያቱን ረስቶ ውጤቱን ብቻ ያዘ፤ «አልተለካም» የሚለው ቀስ በቀስ «የለም» ወደሚል ተቀየረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ፣ ለሌላ ሰው ወይም ለራስ ጥቅም የሚውል ዕቃ ማምረትና አገልግሎት መስጠት ሁሉ፣ ደመወዝ ኖረውም አልኖረውም «ሥራ» ነው ብሎ ወሰነ። በእኛም አገር በዚያው ዓመት የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ሰው ሃያ አራት ሰዓቱን በምን እንደሚያሳልፍ የሚጠይቅ ጥናት አካሂዷል። ስታትስቲክሱ ገብቶታል ማለት ነው። ያልገባው ሳሎናችን ነው።

ሳሎናችን ባይገባው እንኳ ቤተ ክርስቲያናችን ከስታትስቲክሱ በፊት ያውቀው ነበር። የብሥራቱን ሥዕል አስታውሱ። መልአኩ ገብርኤል ሲመጣ እመቤታችን በእጇ የያዘችው እንዝርት ነው፤ ሐርና ወርቅ ስትፈትል ነው ያገኛት። ሠዓሊዎቻችን ከዓለም ሥራ ሁሉ መርጠው የሰጧት ፈትልን ነው። አያቶቻችን ይህን ሥዕል እየተሳለሙ ነው ያደጉት፤ ፈትል ለእነሱ ጊዜ መግደያ ያልሆነው ለዚህም ነው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ያ ሥራ እረፍት ነበረው። በሰንበት እንዝርት አይነሳም። የሚካኤል ዕለት፣ የማርያም ዕለት፣ የገብርኤል ዕለት አይነሳም። አያቴ በ21 ቀን እንዝርት ስትይዝ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ መንገድ ነበራት። መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ኅዳር 21 አክሱም ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ። ሙስሊሟ አያት ባሌ ድረስ ሼኽ ሁሴን ትሄዳለች፣ ለሐጅ ሳንቲም ታጠራቅማለች። ከማኅበርተኞቿ ጋር፣ ስንቋን ቋጥራ፣ ስለቷን ይዛ፣ በራሷ ፈቃድ የምትጓዘው ጉዞ ነው። ማንም «ልናሳርፋት ወሰድናት» ብሎ አያውቅም።

ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። «ልናሳርፋት ወሰድናት» የሚለው ቃል የዛሬ የአያት መንገድ ስም ሆኗል። መድረሻው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጅቱ አርግዛለች። ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ይከፈላል፤ ተሰጠም ተከለከለም አይመለስም። ኤምባሲው መስኮት ላይ «ሥራሽ ምንድነው?» ስትባል ልጆቿ ያስጠኗትን ትመልሳለች፤ «ሥራ የለኝም»። ከዚያ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች በበርበሬ፣ በሽሮና በገንፎ እህል ይሞላሉ። እንዝርቷ? «ምን ያደርግልሻል፣ እዚያ ጥጥ የለም» ይባልና ይቀራል።

እስከ ክርስትናው ድረስ እውነትም ደስታ ነው። ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፤ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ አያት ትመሰገናለች። ከዚያ ባል በቀን ፈረቃ፣ ሚስት በሌሊት ፈረቃ ይገባሉ። ሕፃኑና አያት ይቀራሉ። በሩን ከፍታ ብትወጣ የምታውቀው ሰው የለም፤ መኪና የማይነዳ ሰው እዚያ አገር እግር እንደሌለው ይቆጠራል። ቡና ልቁላ ብትል የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። ዕጣንም እንዲሁ፣ ጧፍ ማብራትም በሰቀቀን ነው። እሑድ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳት ይጠፋል፤ «እማዬ፣ ዛሬ ሥራ ነኝ፣ በስልክ ቅዳሴ ልክፈትልሽ» ትባላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰንበትን ስታከብር የኖረች ሴት፣ ሰንበቷን ዳይፐር ስትቀይር ትውላለች። ብትታመም ደግሞ የጎብኚ ቪዛ ይዞ ለገባ ሰው ሕክምናው በራስ ወጪ ነው፤ ስለዚህ ጉልበቷን ሲያማት አትናገርም። ድንበር ላይ የተሰጣት ስድስት ወር ሊያልቅ ሲል «ይራዘምልሽ» ይመጣል።

አንዲት የሰፈሬ እናት ከእንዲህ ያለው «እረፍት» ሲመለሱ አግኝቻቸው «እማማ፣ አሜሪካ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «በመስኮት ያየሁት ጥሩ ነው ልጄ» አሉኝ።

ለዓረብ አገር የቤት ሥራ የምትሄድ ወጣት ብዙ ግፍ እንደሚደርስባት እናውቃለን፤ እንጮሃለንም፣ ደግ አደረግን። ለእሷ ግን በወረቀት ደረጃም ቢሆን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ አለላት። ውል ይጠይቃል። ለእናታችን ምን ውል አለ? እናት ናታ! ውሉ እሱ ነው።

አሁን የሚመጣብኝን አውቃለሁ። አንደኛው «ደስ ብሏት ነው የምትይዘው፣ የልጅ ልጇ እኮ ነው» ይለኛል። የልጅ ልጇን ማቀፏ ደስታዋ ነው፤ በቀን አሥራ አንድ ሰዓት ብቻዋን ማቀፏ ግን ሥራ ነው። ሐኪሙም ሥራውን ይወዳል፣ በዚህ ምክንያት ደመወዙን ሲከለክሉት ግን አላየንም።

ሌላው «ይሄ የፈረንጅ ሐሳብ ነው፣ በእኛ ባህል አያት ናት ልጅ የምታሳድገው» ይላል። ይህኛው ክርክር ይበልጥ ያናድደኛል፤ ባህሉን የሚጠራው የሚጠቅመው ጋ ሲደርስ ብቻ ነውና። በባህላችን የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ሄዳ ነበር የምትወልደው። እናቷ ወደ እሷ አትሰደድም። አያት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ጓዳዋ፣ ጎረቤቶቿ ከበዋት፣ አራስ ጠያቂው እየገባ እየወጣ፣ እሷ አዛዥ ሆና ነው የምታርሰው። ገንፎውን አንዷ ታገነፋለች፣ ሕፃኑን ሌላዋ ታቅፋለች። ስትደክም «አረፍ በይ» የሚላት ሞልቷል። ይህን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ አያትን ብቻ ነጥሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማስቀመጥን ባህል ካልነው፣ ባህል የሚለውን ቃል እንተወው።

ሦስተኛው እውነተኛ ነው፤ «የሕፃናት ማቆያ ዋጋው አይቀመስም፣ ምን እናድርግ?» ይላል። እንዲህ ከሆነ እንነጋገራለን። በዋሽንግተን አካባቢ ለአንድ ሕፃን ማቆያ በወር ከ1,500 ዶላር በላይ ይጠየቃል። በዚህ ሒሳብ አያት በስድስት ወር ቢያንስ 9,000 ዶላር አስቀርታለች ማለት ነው። ስትመለስ የሚሰጣት ጫማና ሹራብ የዚህ ስንተኛ እንደሆነ ለአካውንታንቱ ልጇ እተዋለሁ። የጎብኚ ቪዛ ደመወዝ መቀበልን ስለማይፈቅድ ነው የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፤ ግን የአገሩ ሕግ ካልፈቀደ የሙሉ ቀን ሥራ አታሠሯት፤ ትጎብኝ፣ ልጁን ታቅፍ፣ ትመረቅ፣ ትመለስ።

«እኛ እኮ በየወሩ እንረዳታለን» የሚለውንም ተዉት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ግዴታን እንደ ችሮታ እየቆጠሩ በእሱ ላይ ጉልበት መጠየቅ ዕዳን በሌላ ዕዳ መክፈል ነው።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ቲኬቱ ሲቆረጥ የመመለሻው ቀን በእሷ አፍ ይነገር። እሑድ የእሷ ይሁን፤ ከሁለት አንዳችሁ ፈረቃ ቀይራችሁ ንዱና ቤተ ክርስቲያኗ አድርሷት። እንዝርቷንና ትንሽ ባዘቶ ከበርበሬው ጎን ሻንጣ ውስጥ ክተቱላት፤ ከ23 ኪሎው ላይ ምንም አይወስድም። ግሸን እሄዳለሁ ያለችበት መስከረም እናንተ ከምትፈልጉበት ወር ጋር ከተጋጨ፣ የእናንተው ይራዘም።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አድርጉ። እሷ ባሕር ማዶ ልጅ ስትይዝ እዚህ የዕድሯ መዋጮ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝናብ ሲዘንብም ሲያባራም ወር በገባ እሑድ ሄዳ ስትከፍል የኖረችው ነው፤ ከቤት ወንበርና ድንኳን ጀምሮ እስከ ቀብሯ ድረስ የሚያስፈልገው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ስሟን ሲጠራ «አሜሪካ ናት» እየተባለ ታልፏል፤ በመተዳደሪያ ደንቡ ግን አሜሪካ መሆን ከመዋጮ ነፃ አያደርግም፤ ስንት ወር ካልተከፈለ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ተጽፎበታል። ጎረቤት ደውላችሁ ስንት እንደደረሰ ጠይቁ፣ ከነቅጣቱ ክፈሉ፣ ደረሰኙንም ለእሷ ላኩላት።